ጠባቂና ተጠባቂ

(የቲማቲም እርሻ። ደመናው ዝቅ ብሎ አየሩ ታፍኗል። የሊቁ እጆች ሥራ ላይ ናቸው፦ ቅጠሉን ገለጥ፣ ቀዩን ጨበጥ፣ ጠምዘዝ፣ ሣጥን ውስጥ ጣል። አጠገቡ የሚስቱ ወንድም ዝግታ፣ ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አንገቱ ላይ ይጠመጥማል።)

ሊቁ፦ አሁንም ጨርቅ? ትኩሳት የያዘው ሕፃን ነህ እንዴ!

ዝግታ፦ ይሞቃላ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ፀሐይ የት አለችና? ደመና ነው እኮ!

ዝግታ፦ ድስትም ቶሎ የሚፈላው ሲከደን ነው።

ሊቁ፦ ተረትህን ትተህ ልቀም! አለቃ ጠዋት በጆሮዬ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ሥሩ፤ ያንን ቀርፋፋ አደራ፣ ሙቀት እንዳይጥልብን።» ሰማህ? ተጠባቂ ነህ!

ዝግታ፦ እሺ፣ ጠብቀኝ። ግን ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ፣ ውኃ እየጠጣህ ጠብቀኝ።

ሊቁ፦ ውኃ የጠጣ ያልበዋል፤ ያላበው ይደክማል። ይሄ ሳይንስ ነው!

ዝግታ፦ ሳትጠጣም ሸሚዝህ ይጨመቃል።

ሊቁ፦ ይጨመቅ! ላብ ያቀዘቅዛል።

ዝግታ፦ ሲደርቅ ነዋ! ትናንት ያሰጣሁት ካልሲ እንኳ አልደረቀም፤ ያንተ ላብ በየት በኩል ይደርቃል?

ሊቁ፦ ዝም በል! (እጆቹ ይፈጥናሉ፦ ገለጥ፣ ጨበጥ፣ ጠምዘዝ… አረንጓዴውን።)

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ጥሬ ነው እኮ!

ሊቁ፦ መንገድ ላይ ይቀላል።

ዝግታ፦ ባርኔጣህንስ ምነው ሣጥን ውስጥ ከተትከው?

ሊቁ፦ በስሏላ! (ይንገዳገዳል።) እማዬ… እርሻው ለምንድን ነው የሚዞረው?

ዝግታ፦ እማዬ?! ጉድ ፈላ! አለቃ! መኪና ይጥሩልን! (ተሸክሞ ጥላ ሥር ያጋድመዋል፤ ሸሚዙን ይፈታል፤ ባልዲውን ከአናቱ እስከ እግሩ ይደፋበታል፤ በሣጥን ክዳን ያራግብለታል፤ ደግሞ ቀድቶ ይደፋበታል።)

ሊቁ፦ (ዓይኑን ገለጥ አድርጎ) አንተ ቀርፋፋ… ለምን አበሰበስከኝ?

ዝግታ፦ እፎይ! አወቀኝ! እንዳትነሳ፤ ሐኪም ዘንድ የሚወስደን መኪና እየመጣ ነው።

ሊቁ፦ እንዴት ሆኖ? ጠባቂው እኔ ነኝ!

ዝግታ፦ አለቃ ለኔም በጆሮዬ ነግረውኛል። «ሊቁን አደራ። ጠባቂ አለህ ካልነው ይቆጣል፤ ስለዚህ ጠባቂው አንተ ነህ ብዬዋለሁ» አሉኝ።

ሊቁ፦ (ጨርቁን ከዝግታ አንገት ፈትቶ የራሱ አንገት ላይ ይጠመጥማል፤ ወደ አንባቢው ዞር ይላል።) እናንተ ሰዎች፣ ሙቀት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ውኃ ጠጡ፤ ጎናችሁ ያለውንም ሰው እያያችሁ። ደግሞ እባካችሁ፣ ሚስቴ ከጠየቀቻችሁ፣ «የወደቀው ወንድምሽ ነው» በሉልኝ። አደራ!