ጾም የታዘዘለት ዓሣ

እኛ መውደዳችንን በአንደበት ለመናገር ዓይን አፋሮች ነን፤ በጉርሻ ለመናገር ግን የሚስተካከለን የለም። እንግዳው «በልቻለሁ» ቢል አናምነውም። ሆዱን ይዞ ቢምል እንኳ «አፈር ስሆን» ብለን አንድ እናጎርሰዋለን፤ አንድ ደግሞ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። ጉርሻ በዝቶበት የታመመ ሰው ታውቁ ይሆናል። አጉርሶ የተከሰሰ ሰው ግን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም።

እማማ የሺ የባለቤቴ የሰናይት እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ኖረው፣ ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ሲላቸው ነው ወሰን ሰፈር እኛ ዘንድ የመጡት። መጡ እንጂ ልባቸው አልመጣም። እኔና ሰናይት ሥራ ስንውል ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ይውሉና ማታ «ወደ ቤቴ መልሱኝ» ይሉናል። ሰናይት ጨነቃትና አንድ ወርቃማ ዓሣ ከነመስታወት ገንዳው ገዝታ መጣች። እማማ መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩት፤ በኋላ ክንፍና ቅርፊት እንዳለው አረጋግጠው ተቀበሉት። ብዙም ሳይቆይ «ጌጡ» ብለው ስም አወጡለት፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጫውቱት ይውላሉ። የመሄድ ወሬም ቀረ።

ታዲያ ጌጡ ታመመ። መጀመሪያ የጅራቱ ጫፍ ነጣ። እናንተ ዓሣ ያላችሁ፣ ይህን ስታዩ አትለፉት፤ እኛ አለፍነው። ከዚያ ጅራቱ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተተለተለ፣ የጀርባ ክንፉን አጥፎም የገንዳው ወለል ላይ ተኛ። እማማ ለጎረቤት ነገሩ፤ ነገሩ የከፋውም እዚህ ላይ ነው። የሰፈራችን ሰው የታመመ ሳይጠይቅ አያድርም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፣ «እግዚአብሔር ይማረው» አሉ፤ አንዷማ ብርቱካን ይዛ ነበር፣ ለማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ሁሉም ሲነሡ ለበሽተኛው ዳቦ ፈርፈር አድርገው ጣል ያደርጉለታል። እማማም ሲያዝኑ ይጨምሩለታል። ውሃው ደፈረሰ፣ ክንፉም ከቀን ወደ ቀን እያጠረ ሄደ።

«እሱ ከሞተ እኔም ወደ ቤቴ ነኝ» አሉ እማማ። ቀልድ አልነበረም፤ ሻንጣቸው አልጋው ላይ ወጥቷል። ሰናይት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም ፈራሁ፤ ዳገቱ ላይ ብቻቸውን ሲወድቁ ታየኝ።

ዓሣ የሚያረባው ጎረቤታችን ብሩክ ተጠራ። ገንዳውን ገና ሲያሸተው ፊቱ ተኮማተረ።

«እማማ፣ ክንፉን የሚበላው የበሰበሰው ዳቦ ነው። የገንዳውን ወለል እንጥረግለት። ውሃውንም ከፊል ከፊሉን እየቀዳን፣ አድሮ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ እንተካለን። ትንሽ ጨው ይጨመርለታል። ከሁሉ በፊት ግን ለጥቂት ቀን ምንም አይብላ።»

«በሽተኛ ይራብ ነው የምትለኝ?»

«ይጹም ነው የምልዎት።»

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እየተባለ ባገራችን ብዙ ክርክር ተካሂዷል፤ ዓሣው ራሱ ይጹም ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ያውም ብሩክ! የፕሮቴስታንት አማኝ ነው፤ ዓርብ ቀን ሥጋ ሲጠብስ ሽታው እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። «ጾምን ካንተ ልማር?» አሉት እማማ። ግን እሺ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ዳቦ የያዘች እጅ ወደ ገንዳው ስትዘረጋ እማማ «ተይ፣ ጾመኛ ነው!» ይላሉ። የተከራከረ የለም። «ውሃው ይበላሻል» ብንል ኖሮ ሁሉም ቆንጠር አድርጎ ይጥል ነበር፤ ጾመኛን ላጉርስ የሚል ግን የለም። ውሃው እየጠራ ሄደ። ከተተለተለው ክንፍ ጫፍ ላይ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አዲስ ክንፍ ብቅ አለ፣ ጌጡም ተነሥቶ መዋኘት ያዘ። ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር ገባ። ሰናይት እንደገና አለቀሰች፤ የአሁኑ የደስታ ነው።

ዓሣው ዳነ፣ የእማማ እጅ ግን ሥራ ፈታ። አሁን ማታ ከሥራ ስገባ ትሪው ቀርቦ ይጠብቀኛል። ሐኪም ምግብ ቀንስ ብሎኛል ብል የሚሰማኝ የለም። ቀበቶዬ አልደርስ ብሎኛል። ትናንት ጉርሻው ወደ አፌ ሲመጣ ዘዴው ትዝ አለኝና «እማማ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው።

እማማ ጉርሻውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አፍህን ክፈት» አሉኝ።