የጣራው ባላምባራስ

ቤት የሚሠራ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ዝም ማለት የሚችል ጎረቤት እስካሁን አልተፈጠረም። የሌላውን አገር እግዜር ይወቀው፤ ቆርቆሮ የለበሰው የገዥው ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በሀዲያ አገር የዋቸሞ ከተማ ጎረቤት አቶ ወልደ ሰንበት ነበሩ። ሥራቸው የመንግሥት ጎተራ መጠበቅ ነው። ማዕረጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ማንም ሳይሾማቸው ከተማው «የጣራው ባላምባራስ» ይላቸዋል። ምሰሶ ሲተከል ካዩ መንገዳቸውን ይተዋሉ፤ ግድግዳውን በከዘራቸው መታ መታ ያደርጉና «ይኼ ቤት እንጨት በላተኛ ነው!» ብለው ይፈርዳሉ፤ ሙቀት ስለማይዝ ማገዶ ይፈጃል ማለታቸው ነው። ይግባኝ የለም።

ወይንሸት ይህን ፍርድ የሰማችው ጭቃ ውስጥ ቆማ ነው። አሮጌው ቤቷ ባለፈው ክረምት ዘሞ ወድቆ ያለቻትን አንድ ላም ገደለባት። እናቷ እማማ አበራሽ ደረታቸውን ብርድ መትቷቸው በሰው ቤት ጥግ ያስላሉ። ክረምቱ ሳይገባ ሙቅ ቤት ልታስገባቸው ይገባል። ባል የላትም፤ እንጨቱን ከጫካ፣ ውሃውን ከቁልቁለቱ ምንጭ የምታመጣው ራሷ ናት።

«በሩ ወዴት ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«ወደ መንገዱ ነዋ፣ ጋሼ።»

«መንገዱ ሊያሞቅሽ ነው? ነፋሱ የሚመጣው በዚያ ነው። አዙሪው!»

በሩ ዞረ። ግድግዳው በላይ በላዩ ተመረገ። ከዚያ ባላምባራስ ቀርከሃ አሰነጠቁና ከሣር ክዳኑ ጠርዝ ሥር አሸንዳ አሳሰሩ፤ ዝናቡ በዚያ ወርዶ እንስራ ይሞላል፣ ወይንሸትም ዳገት አትወጣም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውሃው በሣሩ ቀልሞ ጠጅ መሰለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባላምባራስ በቅል ቀድተው ግጥም አደረጉና «ይጣፍጣል!» አሉ። ከዚያ ለቀናት ከቤት አልወጡም። ሲወጡም፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ለልብስና ለከብት ነው ብዬሽ አልነበረም?» አሏት።

ትልቁ ጠብ የመጣው በከብት ነው።

«ከእናትሽ መደብ ማዶ ላም ታስሪያለሽ። የላም ትንፋሽ ከሸክም እንጨት ይበልጣል።»

«ከላም ጋር ልደር? የአገሬ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሆመቾ ከሀዲያ ቤት፣ ከላሞቻቸው ማዶ በእንግድነት አድሬ፣ እሳቱ ጠፍቶ እንኳ ጋቢዬን ገፍፌ ነው የተኛሁት። እኛ ከሰሜን ያመጣነው ኩራት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አያሞቅም!»

ጭቃ በማቡካት ሊያግዛት የመጣ አንድ የሀዲያ ጎረምሳ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ይኼን እኮ አያቴም ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አሉ ባላምባራስ።

ወይንሸት አቀረቀረች። «እሺ ብልስ ላም የታለኝ?»

ባላምባራስ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

ቤቱ ያለቀ ዕለት ግን አንዲት ቀይ ላም እየጎተቱ መጡ። «ስጦታ እንዳይመስልሽ! ለሙከራ ናት። ቤቱ መሥራቱን ልይ።»

ሐምሌ ገባ። የእማማ አበራሽ ሳል ቀለለ። «ከአንቺ እሷ ትሻለኛለች፤ አትነዘንዘኝም» ይሏታል ልጃቸውን፣ ላሚቱን እያዩ። ሙከራው ግን ማለቂያ አጣ። ባላምባራስ በየቀኑ ደጃፍ ቆመው «ገና ነው፣ ገና ነው» ብለው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ወይንሸት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ወተት ይዛላቸው ሄደች። ቤታቸው ገብታ አታውቅም። የከተማውን በር ሁሉ ያዞሩት ሰው የራሳቸው በር ፊቱን ለነፋስ ሰጥቷል። ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። ከጥግ፣ ከመደባቸው ማዶ፣ የላም ማሰሪያ ካስማ ብቻውን ቆሟል፤ ቀይ የላም ፀጉር ተጣብቆበታል። ባላምባራስ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው ምድጃው ውስጥ ግንድ ይማግዳሉ፤ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

ወይንሸት ካስማውን አየች። ወተቱን አስቀመጠች። ከዘራቸውን ከጥግ አነሳችና ግድግዳውን መታ መታ አደረገች።

«ይኼ ቤት እንጨት በላተኛ ነው!»

«ይግባኝ…» አሉ ባላምባራስ።

«የለም! ይነሡ፣ ጋሼ። እማዬ እሳት ዳር ቦታ ይዛልዎታለች። ዝናቡ እንዳባራ ጭቃ እናቦካለን፤ በሩን የማዞረውም እኔ ነኝ።»