ላስቲኩ ያልተፈታው ጃንጥላና የምች ከንፈሬ

ልጆቼ፣ ዛሬ በሰው ፊት የሆንኩትን ብነግራችሁ «ሽማግሌው ደግሞ አበዛው» ትላላችሁ!

ይችን ፖስት በአንድ ጣት ነው የምለቅማት። ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ፤ እኔም የተዋረድኩት ቀስ በቀስ ነው።

ነገሩ ከጃንጥላ ይጀምራል።

ዛሬ እዚህ ሰቆጣ፣ ልጄ ቤት፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር። ለሕፃኗና ለእናቷ ስጦታ ብዬ ጃንጥላ ገዛሁ። ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለው!

ባለፈው ሰሞን ከአገሬ ከደሃና ወረዳ በእግሬ ስመጣ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ጃንጥላው ብብቴ ሥር ነው። ላስቲኩ ግን አልተፈታም! የስጦታ ዕቃ መንገድ ላይ ይዘረጋል እንዴ?

አብሮኝ የመጣው ጎረቤቴ አያ ደሳለኝ አፉ አያርፍም። «ከሁለታችሁ የተመቸው ለጃንጥላው ነው፤ ብብትህ ሥር ጥላ ይዞ ይሄዳል!» ይለኛል።

«አርፈህ ሂድ!» አልኩት። ራሴን ጠምጥሜያለሁ፣ ምን እሆናለሁ?

ከንፈር ግን አይጠመጠምም።

ሰቆጣ በገባሁ ማግሥት ከንፈሬን ነዘር ነዘር አደረገኝ። ንቄ ተኛሁ። ሲነጋ ያች ውሃ የቋጠረች ምች ጉች ብላ አገኘኋት! ፀሐይ በመታኝ ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ነው የምትወጣው፤ ርስቷ ሳይሆን አይቀርም።

ለምራቴ ልንገራት? ብርቱካን ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ሕፃኗን አታስነካኝም ብዬ ፈራሁ። ተደብቄ ዳማከሴ አሸሁና ለቀለቅሁበት።

አረንጓዴ ሆንኩ!

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ጃንጥላውን ሰጠኋት። ብርቱካን ደስ ብሏት፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች ላስቲኩን ፈታ ታየው ጀመር። ይኸኔ አያ ደሳለኝ አየኝና፣ «ምነው፣ ሣር መጋጥ ጀመርክ?» አይልም!

ብርቱካን ቀና አለች። አለቀልኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዳይስሟት። ይኸ ቫይረስ ነው። እኛን ከንፈራችንን ቢያቆስል ነው፤ ጨቅላን ግን ለሞት ሊያደርስ ይችላል።»

ለሞት? ለመሳም ያሰፈሰፈ አፌን ከደንኩ።

የአያት ምርቃትስ? ለዚህ አይደል እንዴ ያን ሁሉ አቀበት የወጣሁት?

«እሺ ልጄ፣ አልስማትም፤ ከዚሁ ልመርቃት» አልኩ። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ የእናት ያባትሽ ጧሪ ያድርግሽ...» እያልኩ ሞቅ አለኝ። የሽማግሌ ምርቃት በምን እንደሚታሰር ታውቃላችሁ።

ጎንበስ ብዬ «እንት...»

ቧ!

ብርቱካን ጃንጥላውን ፊቴ ላይ ዘረጋችው። ዘርፉ አፍንጫዬን ገረፈኝ። «ፍ»ዋ ጃንጥላው ላይ ቀረች።

ከፀሐይ ያልጋረደኝ ጃንጥላ ሕፃኗን ከኔ ጋረዳት!

አያ ደሳለኝ፣ «እሰይ! በስንት መከራ ተዘረጋ!» አለ። ከዚያማ ሳቁን ማን ያቁመው!

የቀረውን ምርቃት ከጃንጥላው ማዶ ሆኜ፣ በደረቅ አፍ ጨረስኩ። ከዘርፉ ሥር የምትታየኝ ትንሽ እግሯ ብቻ ነበረች።

በኋላ ብርቱካን ጠላዬን ለብቻው በዋንጫ ለይታ አመጣችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ቫይረሱ ለካ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ተኝቶ ይቆይና ፀሐይ፣ ድካም ወይም ትኩሳት ሲያገኝ ይነሣል። «ከንፈርዎን ከፀሐይ ይከልሉ። ፀሐይ የሚከላከል የከንፈር ቅባት አለ፣ እሱን ይቀቡ። ነዘር ሲያደርግዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩኝ፤ ኪኒኑ በጊዜ ከተጀመረ ቶሎ ይሽራል። በነካኩበት እጅ ደግሞ ዓይንዎን እንዳይነኩ።»

«ዳማከሴውስ?» አልኳት።

«ሽታው ደስ ይላል» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት።

«ደርቆ፣ ቅርፊቱ ወድቆ በደንብ ሲድን የልብዎን ይስማሉ። እስከዚያ አይሄዱም።»

እንግዲህ ሰቆጣ ተቀምጬ ከንፈሬን እጠብቃለሁ። አሁን እንኳ ደጅ የወጣሁት ጃንጥላውን ተውሼ ነው!

እስቲ እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ እናንተስ ፀሐይ እየጠበሳችሁ፣ ለክብር ቀን ብላችሁ ብብታችሁ ሥር የያዛችሁት ምንድን ነው?