እጅሽ ከእጀታው አይነሳ

ድሮ መኪና ሲታመም ይናገር ነበር። ያስላል፣ ያጓራል፣ ጭስ ይተፋል። እናንተም መንገድ ዳር አቁማችሁ ኮፈኑን ስትከፍቱ፣ የማታውቁት መንገደኛ ሁሉ አንገቱን አስግጎ «ካርቡሬተሩ ነው» ይላችኋል። ካርቡሬተሩ ባይሆንም ሰው አብሯችሁ ስለቆመ ፍርሃታችሁ ይቀልላል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ደህና ስትሆንም ዝም፣ ስትታመምም ዝም ናት። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። ባለቤቴ እንኳ ዝም ስትል ባላጠፋሁት ጥፋት ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

ፈሪ መሆኔን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትታዘቡኝ። መኪናዋን በገዛሁ ሰሞን ባትሪዋ ከወለሏ ሥር የተዘረጋ መሆኑ ሲነገረኝ፣ የቦሌ ቡልቡላን የውስጥ ለውስጥ መንገድና እዚያ ላይ አፍጥጠው የሚጠብቁኝን ድንጋዮች አሰብኩና እንቅልፍ አጣሁ። በሰፈሩ እንደኔው የሰጋ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ብየዳ ቤት ወስጄ ከሆዷ ሥር ወፍራም ላሜራ በብሎን አሳሰርኩላት። በያጁ ላሜራውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ «ታንክ ሆናለች!» አለኝ። የዚያን ዕለት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ከወራት በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት ከሥሯ ሮዝ ቀለም ያለው ነገር ጠብ ብሎ አየሁ። በጣቴ ነካሁት፤ ያሟልጫል። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ውሃ ቢሆን ቀለም ባልኖረው ነበር። ባትሪው እንዳይግል በቱቦ የሚዞርለት ፈሳሽ፣ ኩላንት የሚሉት፣ እሱ መሆኑ ገባኝ። ባትሪው ውስጥ እየፈሰሰ ቢሆንስ? ፈሳሽና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ የሚሆነውን ለእናንተ አልነግራችሁም።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ግርማ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ራዲያተር ነው አንተ! ውሃ ጨምርና ሂድ» አሉኝ። አንድ ሃይላንድ ሙሉ የቧንቧ ውሃ ጨመርኩ። ትልቅ ሰው ማሳፈር ከብዶት ነው ብላችሁ ማሩኝ።

ማክሰኞ ስክሪኗ ላይ ቢጫ ምልክት በራ። ስክሪኗ ደግሞ ከቻይንኛ ሌላ አታውቅም። በስልኬ ካሜራ ሳስተረጉመው «ፈሳሹ አንሷል» አለኝ። ይህንን እንኳ ጠብታዋም ነግራኛለች።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። በየጠዋቱ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከባትሪው በላይ፣ የስምንት ዓመት ልጄ ሄራን ትቀመጣለች፤ ትምህርት ቤቷ ሳሊተ ምሕረት ነው። ጋራዥ ብሄድ «ባትሪው አልቆለታል» እንዳልባል ፈራሁ። ልጄን በሌላ መኪና ብልክ ደግሞ ባለቤቴ ለምን ትለኛለች፤ እሷ ከጠየቀችኝ እናዘዛለሁ። ስለዚህ መኪናውን ትቼ ልጄን አሠለጠንኩ። መስኮቱን እንድትከፍት፣ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር እንድታስቀምጥ። «እጅሽ ከበሩ እጀታ አይነሳ። ‹ውረጂ› ስልሽ ቦርሳውን ትተሽ ትሮጫለሽ። ጨዋታ ነው፣ ለማሚ አትንገሪ።»

ሦስት ቀን እንዲህ ሄድን። በጠዋቱ ብርድ፣ መስኮት ከፍተን፣ እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣ እሷም እጇን ከእጀታው ሳታነሳ። አፍንጫዬ የሌለ ጭስ ይሸተው ነበር።

ዓርብ ገርጂ አካባቢ ምልክቱ ቀይ ሆነ። ዳር ይዤ እንዳቆምኩ «ውረጂ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ለራሴም አስፈራኝ። ሄራን እንዳሠለጠንኳት ወርዳ ሮጠች። የሱቅ ግድግዳ ጋ ደርሳ ተለጠፈች። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እንደ ወትሮዋ ዝም ብላ ቆመች።

ልጄን በታክሲ አድርሼ መኪናዋን አስጭኜ ሰብለ የምትባል መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሰብለ የፈሳሹን መያዣ ከፍታ አየችና ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ውሃ ጨምረውበታል እንዴ?»

«ጎረቤት አዞኝ ነው።»

የሚያመልጥበት ካለ ለማየት መያዣው ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥማ አየር ሞላችበት። የግፊት መለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ወረደ፤ ልቤም አብሮት ወረደ። መኪናዋን በሊፍት አንስታ ከሥር ስትገባ እኔ በሐሳቤ ባትሪውን እየቀበርኩ ነበር። ብሎን ስትፈታ ይሰማኛል። ከዚያ ጠራችኝ።

«ይሄን ላሜራ ማን አሠራው?»

«እኔ።»

በእጅ ባትሪዋ አብርታ አሳየችኝ። ወደ መኪናዋ ባትሪ የሚገባው ቱቦ ላይ የላሜራው ጠርዝ ተደግፎ፣ በየጉድጓዱ በነጠርን ቁጥር ሲገዘግዘው ከርሟል። ኮምፒውተር ሰክታ ለካች፤ የሚያመልጥ ኮረንቲ የለም፣ ባትሪው ደረቅ ነው።

«ድንጋይ አልነካትም ጋሼ። ቱቦውን የበላው ላሜራው ነው።»

«ለጥንቃቄ ብዬ እኮ ነው!»

«የሚመጣው ሁሉ እንደዚያው ነው የሚለኝ።»

ቱቦውን ቀየረች፣ የቧንቧ ውሃዬን አጥባ አወጣች፣ አዲስ ፈሳሽ ሞልታ አየሩን አስወጣች። እንደገና ፓምፑን ገጠመች። ቀስቱ ንቅንቅ እስኪል ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልተነቃነቀም። እንዳለቀስኩ አልደብቃችሁም። ላሜራውን ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ከትቼ እንዳልወስድ ከለከለችኝ፤ እዚያው ጋራዡ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ተንበርክኬ መሬቱን ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። ጋሽ ግርማ ከበራቸው ላይ ሆነው «ውሃው ሠራ አይደል?» አሉኝ። «ሠራ ጋሽዬ» አልኳቸው።

ሄራን ገባች። መስኮቱን ከፈተች፣ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አስቀመጠች፣ እጀታውን ያዘች።

«ሄራንዬ፣ መኪናዋ ተሠርታለች እኮ። ጨዋታው አልቋል።»

«እሺ» አለች። አልለቀቀችም።

ቡልቡላን አለፍን፣ ቦሌን አለፍን፣ ገርጂ ላይ ያቺ ግድግዳ ጋ ስንደርስ በመስተዋቱ አየኋት፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ላሜራውን ሰብለ በአንዲት መፍቻ ፈታችው። ይህንን እጅ እጀታው ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ መፍቻውን ግን አላውቀውም። ትምህርት ቤቷ በር ላይ አቆምኩ። እሷም ከመውረዷ በፊት ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤

«አባዬ፣ አሁን ልልቀቀው?»