ከጥድ ጥላ ሥር ስለ ፀሐይ የተደረገ ስብሰባ

ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19 ቀን፣ ሳን ማቲያስ ባሕረ ሰላጤ ዳር በሚገኘው የጥድ ካምፕ፣ ዶን ኤደልሚሮ ስጋ በሚጠብሱበት ቦታ። የተጀመረው ረፋድ አራት ሰዓት።

የተገኙ፦
ዶን ኤደልሚሮ ባሲ፣ ሊቀመንበር፣ ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ሹም።
ዶኛ ኢርማ፣ የሊቀመንበሩ ባለቤት።
ዶን ኢላሪዮ ፖንሴ፣ የቴክኒክ ኃላፊ፣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም።
ዶኛ ሮሳውራ ቪዳል፣ አባል፣ የቀድሞ ፀጉር ሠሪ።
ዶን ኦራሲዮ ሉና፣ አባል። ተኝተዋል። እግሮቻቸው በቤት መኪናቸው መስኮት ስለሚታዩ እንደተገኙ ይቆጠሩ ተብሏል።

ጸሐፊ ኔሊዳ ኦቻ። በደንባችን መሠረት ጸሐፊ ትጽፋለች እንጂ አትቆጠርም። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው በመሆኑ፣ በዶን ኦራሲዮ እግሮች ተሟልቷል።

አጀንዳ
1. የእሁዱን የእግር ኳስ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ማየት የሚቻልበት መንገድ።
2. የዶኛ ሮሳውራ ትንፋሽ።
3. ልዩ ልዩ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ የማኅበሩ አባላት በሙሉ በቤት መኪና እየዞርን የምንኖር ጡረተኞች መሆናችንን፣ መብራታችንም ጣሪያችን ላይ ካለው ሶላር እንደሚመጣ አስታውሰዋል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ባትሪ እንደማይሞላና ያለፈው እሁድ ቴሌቪዥናቸው ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል እንደጠፋ በሐዘን ገልጸዋል።

ዶኛ ሮሳውራ እጃቸውን አውጥተው፣ “እኔ ደግሞ ስተኛ አየር የሚነፋልኝ መሣሪያ አለኝ፤ ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። ባትሪው ሲያልቅ ይቆምና ታንቄ እነቃለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። ባሌ ፌርሚን በሕይወት ሳለ ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ አሁን ማን ይቀስቅሰኝ?” ብለዋል።

ሊቀመንበሩ፣ “ያሳዝናል፤ ግን እሱ ሁለተኛ አጀንዳ ነው” ሲሉ መልሰዋል።

ዶኛ ኢርማ፣ “ኤደልሚሮ፣ ፀሐይዋ እንደሆነች አንድ ናት፤ አንድ ላይ አድርገህ እየው” በማለታቸው፣ ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱ አጀንዳዎች “እግር ኳስና ትንፋሽ” በሚል ርዕስ እንዲዋሃዱ ተወሰነ።

ዶን ኢላሪዮ በየጣሪያው ላይ ወጥተው በጥርስ መመርመሪያ መስታወታቸው ያዩትን ሪፖርት አድርገዋል። በሶላር ፓኔሎቹ ላይ አቧራ፣ የጥድ ሙጫና የባሕር ወፍ ኩስ ተገኝቷል። “ዕድሜውን ሙሉ ያልተቦረሸ አፍ ነው የሚመስለው” ብለዋል። ፓኔሎቹ በየሳምንቱ እንዲታጠቡ፣ ወፎችም እንዳያርፉባቸው እንዲከለከሉ ተወሰነ። ዶኛ ኢርማ፣ “ለወፎቹ ማን ይነግራቸዋል?” ብለው ስለጠየቁ፣ ራሳቸው እንዲነግሩ ተወክለዋል።

ዶን ኢላሪዮ ቀጥለው፣ “እዚህ በምድር ደቡብ፣ በክረምት ፀሐይ በሰሜን በኩል ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። የእኛ ፓኔሎች ግን በጀርባቸው ተንጋለው ባዶ ሰማይ ያያሉ። ስንቆም ወደ ሰሜን ቀና እናድርጋቸው፣ ስንነዳ እናስተኛቸው” የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሊቀመንበሩ ነፋሱ ነቅሎ ባሕር ውስጥ ይከታቸዋል ብለው ቢቃወሙም፣ በብሎን ጠብቀው እንዲታሰሩ ስምምነት ተደርሷል።

ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ግን ልዩነት ተፈጥሯል። ሊቀመንበሩ ወደ ራሳቸው ቤት መኪና እያመለከቱ፣ “ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ ሰሜን ባቡር የሸኘሁ ሰው ነኝ” ብለዋል። ዶኛ ሮሳውራ፣ “ዶን ኤደልሚሮ፣ እኩለ ቀን ሆኗል፤ ፀሐይዋም ያቻትና፣ በዛፎቹ በዚያ በኩል” ሲሉ ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ ፀሐይ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች ድምፅ እንደሌላት አስረድተዋል። ጉዳዩ ለድምፅ ቀርቦ፣ ሰሜን ሊቀመንበሩ ያመለከቱት አቅጣጫ እንዲሆን በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የዶን ኦራሲዮ ዝምታ እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል። ዶን ኢላሪዮ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

ስለ ጥላ፦ ዶን ኢላሪዮ የዶኛ ሮሳውራ ጣሪያ ላይ እንደገና ወጥተው የአንዱን ፓኔል ጥግ በባርኔጣቸው ሸፍነው አሳይተዋል። ሥር ሆኜ ከፀሐይ የሚገባውን ኃይል የሚያሳየውን ቆጣሪ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ቁጥሩ ወዲያው ወረደ። “አንድ ጥርስ ሲታመም አፉ በሙሉ ማኘክ እንደሚያቆመው ነው። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ የቀረውንም ይዞ ይሞታል” ብለዋል። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ጥዶቹ በሙሉ ተነቅለው ወደ ደቡብ እንዲዛወሩ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጻፍ የሚል ሐሳብ አቅርበው ጸድቋል።

ዶኛ ሮሳውራ የመናገር ዕድል ጠይቀው፣ “ዛፎቹን ከምናዛውር እኛ ብንዛወርስ? መኪና እኮ ነው፤ ጎማ አለው” ብለዋል።



ሊቀመንበሩ የማቆሚያ ቦታ በቀደመ ውሳኔ የተደለደለ መሆኑን፣ ጥዱ ከነፋስ እንደሚከልል፣ ጎማም በአጀንዳው ላይ ስላልተያዘ በልዩ ልዩ ሥር እንደሚታይ ገልጸዋል።

ዶኛ ሮሳውራ፣ “እስከዚያ እኔ አየር ያጥረኛል” ብለው ተነሥተዋል።

እዚህ ላይ መመዝገብ ያለበት፣ ባለቤታቸው ፌርሚን በመጋቢት ካረፉ ወዲህ ዶኛ ሮሳውራ መሪ ጨብጠው እንደማያውቁና መኪናቸውን ከካምፕ ካምፕ የሚያደርሱላቸው ዶን ኢላሪዮ እንደነበሩ ነው። ዛሬ ግን ራሳቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሊቀመንበሩ፣ “ዶኛ ሮሳውራ፣ ስብሰባ ረግጦ መውጣት አልተፈቀደልዎትም” ሲሉ ሦስተኛው ላይ ተነሣ። ዶን ኢላሪዮ ሊረዷቸው ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። “ፍሬኑን… አዎ። ቀስ” ሲሉ ለራሳቸው ሲናገሩ ተሰምተዋል። ቤት መኪናው አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ፣ ባሕሩን ወደሚያየው ገላጣ ሜዳ ወጥቶ ቆመ።

ዶኛ ሮሳውራ መስኮት ከፍተው፣ “ኔሊዳ፣ ቆጣሪው ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ጻፊልኝ” ብለዋል። ይኸው ተጽፏል።

ሊቀመንበሩ ምልዓተ ጉባኤው መጓደሉን አስታውቀዋል። ደንቡን አገላብጠው ካዩ በኋላም፣ የጎደለው ምልዓተ ጉባኤ ሜዳው ላይ ስላለ ስብሰባው ወደዚያ ይሂድ ብለው ወስነዋል። ዶን ኢላሪዮ የራሳቸውን መኪና አድርሰው ተመልሰው፣ የዶን ኦራሲዮንም ከነተኙበት ነድተው አምጥተዋል። ዶኛ ኢርማ ባለቤታቸውን ሳይጠብቁ ቤታቸውን ይዘው ሄደዋል። ሊቀመንበሩ ስጋውን በትሪ ይዘው በእግራቸው ደርሰዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ወፎችን፣ ጥዶችንና ሰሜንን የሚመለከቱት የዛሬ ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ፓኔሎቹ ፀሐይ ወዳለችበት ቀና ይላሉ፤ ጥላ እንዳያጠላባቸውም ከዶኛ ሮሳውራ ሰሜን በኩል ማንም አይቆምም። ሐሳቡን ያቀረቡት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ዶኛ ሮሳውራ መሣሪያቸውን ሰክተው እንቅልፍ ስለወሰዳቸው አልፈረሙም። እንዳይቀሰቀሱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።