ደጃዝማች አያሌው በፓት መቆለፊያ ላይ የዘመቱበት ዜና

የሞርጌጁን፣ የቤት ብድሩን፣ ወረቀት ፈርመው ባንክ ከነገሠባቸው በሰባተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ስመ ገናናው፣ የዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት አንበሳ፣ የዩቲዩብ ሊቅ፣ ባለ ብዙ መፍቻ፣ መመሪያ ሳያነቡ ገጣጥመው ብሎን የሚተርፋቸው ደጃዝማች አያሌው፣ ከገዛ ቤታቸው የመታጠቢያ ቤት በር ጋር እንዴት ያለ ጦርነት እንዳደረጉ፣ ሳልጨምርም ሳልቀንስም፣ እኔ ጸሐፊተ ትእዛዛቸው ህብረት እነሆ እጽፋለሁ። የመሪጌታ ልጅ ነኝና የዜና መዋዕልን ወግ አውቃለሁ፤ ሚስታቸውም ነኝና ጉዱን አውቃለሁ። ደጃዝማችነቱን የሾምኋቸውም እኔው ነኝ፤ በደጅ ላይ የዘመተ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ማዕረግ ይሰጠዋል?

ወእምዝ፣ ጠቡ ከምን እንደተነሣ ልናገር። ደጃዝማች በሥራ ቀን ደብሊን በሚሉት በከተማችን ዳርቻ ካለ አንድ የመስተዋት ሕንፃ በር ላይ ሴኩሪቲ ሆነው ይቆማሉ፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን ወደ ዎርዝንግተን ይዘምታሉ። በዚያም ሰው ሞቶ ዕቃው በሚሸጥበት ቤት ሁሉ፣ እስቴት ሴል በሚሉት፣ እየገቡ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ብረት ይማርካሉ። በእጅ የሚዞር የፖም መላጫ፣ አይጥን አታልሎ ውሃ ውስጥ የሚጥል ወጥመድ፣ ባርኔጣን ያለ እጅ ብድግ አድርጎ ሰላምታ የሚሰጥ ሽቦ፣ ጢም በሾርባ እንዳይበላሽ የሚከልል ማንኪያ፣ ይህ ሁሉ ምርኮ ገብቶ ሳሎኔን ወረሰው። ደጃዝማች ጢም የላቸውም።

በእነዚህም ብረቶች ሁሉ ላይ በእንግሊዝኛ «ፓት» የሚል ጽሑፍ ከነቀኑ ተቀርጿል፤ አንዱ በ1898፣ አንዱ በ1901፣ አንዱ በ1903። ደጃዝማችም ይህን ባዩ ጊዜ በጥልቅ ማስተዋላቸው መርምረው፣ ፓት የሚባል አንድ ታላቅ ጠቢብ እንደነበረ፣ ከፖም እስከ አይጥ እጁን ያላስገባበት ነገር እንደሌለ፣ አንዱን ሥራ በጨረሰ ቁጥርም ስሙንና ቀኑን እንደፈረመበት ደረሱበት። ትልቅ ሰው ነውና ስሙን በባዶው መጥራት ከብዷቸው «ጋሼ ፓት» አሉት። እንግዳ በመጣ ቁጥርም «ይኼ የጋሼ ፓት እጅ ነው፤ ሰውዬው እንቅልፍም አልነበረው» የሚል አዋጅ ያስነግሩ ነበር። እንግዳውም ሐበሻ ነውና፣ አላውቅም ማለት ነውር ሆኖበት፣ «ፓትማ! ፓትን የማያውቅ ማን አለ!» እያለ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። በዚህ ዓይነት የፓት ዝና በከተማው ሐበሻ ሁሉ ዘንድ ተሰማ።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ግድም ደጃዝማች አንድ የነሐስ መቆለፊያ ማርከው ገቡ። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል፤ ቁልፍ የሚባል ግን አብሮት የለም። ፎቅ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤታችን በሰላም የሚኖር፣ ሲዘጉት የሚዘጋ፣ ሲከፍቱት የሚከፈት መቆለፊያ ነበረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እሱን ነቅለው የፓትን ተከሉበት። እኔም ቁልፉስ የት አለ ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ «ሳሙና የሚሰርቅ የለም፤ ከውስጥ መወርወሪያ አለው፤ ይበቃል!» ብለው አወጁ። የቤቱ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ እያንጎራጎረ መግባት ስለለመደ፣ ያን መወርወሪያ የነካው አልነበረም።

እናቴ እትዬ ማዘንጊያ እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

እናቴ የምትኖረው ዴይተን ነው። ወደኛ የመጣችው በማግስቱ ጠዋት ዳውንታውን በፌደራሉ ፍርድ ቤት ቀኝ እጇን አንሥታ የአሜሪካ ዜግነት መሐላ ልትምል ነበር። ፈተናውን መጀመሪያ ወድቃ፣ ዓመት ሙሉ ከልጄ ከሔርሞን ጋር በስልክ አጥንታ፣ በሁለተኛው አልፋዋለች። ለሷ ይህ መሐላ ለባንዲራም ለፎቶም አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ቢሩክ ካምፓላ ቀርቷል፤ እናቱ ዜጋ ሆና ካላመለከተችለት ወደኛ የሚመጣበት መንገድ የለውም። ያ ቀን ካመለጣት ደግሞ መቼ እንደሚጠሯት የሚያውቅ የለም።

እናቴም ማልዳ ተነሥታ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷን ልትታጠብ ገባች፤ በአማቿ ቤት ያለች ጨዋ ሴት ናትና በሩን ዘግታ መወርወሪያውን ገፋችው። መወርወሪያውም ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። እሷም ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች፣ እንቢ አላት። ታዲያ ጮኸች? አልጮኸችም። ሰው ማስቸገር ነውር አይደለም እንዴ! ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ በሩ በራሱ ጊዜ እስኪራራላት ጠበቀች። እኔ ወጥቼ ባንኳኳ «ደህና ነኝ፣ እናንተ ቁርሳችሁን ብሉ» የሚል አዋጅ ከውስጥ ወጣ። ቁርስ በላን። ዳግመኛ ወጥቼ ባንኳኳ «ምንም አልሆንኩ፤ በሩ ነው ትንሽ እንቢ ያለኝ፤ ብቻ ሰው እንዳታስቸግሩ» የሚል ሁለተኛ አዋጅ ወጣ። የአዳምን ዘር ሁሉ የጨረሰው ይህ ይሉኝታ ነው።

ወእምዝ ደጃዝማች ክተት አወጁ፦ «ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መፍቻ ያለህ መፍቻህን፣ መዶሻ ያለህ መዶሻህን ይዘህ ድረስ!» ይህም አዋጅ በቫይበር ተላለፈ። ሠራዊቱም፣ የከተማው ወዳጆቻቸው፣ ገባ። በግንባር ፊታውራሪ ዓባይነህ፣ ቻርጅ ያላደረገውን ድሪል ታጥቆ፤ በቀኝ ቀኛዝማች ደጀን፣ ከመኪናው ቁልፍና ከምክሩ በቀር ምንም ሳይዝ፤ በደጀንነት ደግሞ ጎረቤታችን ሊዮን፣ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ማንም ሳይጠራው መሰላሉን ተሸክሞ፣ ምን ተቃጠለ ብሎ መጣ። ኧረ ምኑ ቅጡ! ደረጃው ሞልቶ እኔ እንኳ እናቴ ወዳለችበት በር መድረሻ አጣሁ።

ደጃዝማችም በበሩ ፊት ቆመው ደጅ ጥናት ጀመሩ። በሱፐርማርኬት ካርድ ሞከሩ፤ ካርዱ ተሰበረ። የልብስ መስቀያ ሽቦ አስገቡ፤ ሽቦው ገብቶ ቀረ። ዘይት አምጡ አሉ፤ የምሳዬን ዘይት አፈሰሱበት፤ መወርወሪያው ንቅንቅ ሳይል ምንጣፌ ብቻ ራሰ። በየመካከሉም «እትዬ፣ እንደምን ነዎት?» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ እናቴ ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ ሆና ለአማቿ መመለስ አፍራ ጭጭ አለች። መልሱን በሔርሞን በኩል ላከች፦ «ደህና ናት በይልኝ።» ሔርሞንም እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ሎክስሚዝ ኮል እናድርግ!» ብላ አወጀች፤ ቁልፍ ሠሪ እንጥራ ማለቷ ነው። ደጃዝማች ግን «የጋሼ ፓት ሥራ በባዕድ እጅ አይደፈርም!» ብለው ሻሩባት። እኔም «ስበረው!» የምትል አንዲት አጭር አዋጅ አወጅሁ፤ ሰሚ አላገኘችም።

ሰዓቱ ገሠገሠ። ይህን ጊዜ ሔርሞን በንዴት ስልኳን አውጥታ፣ በመቆለፊያው ላይ ያለውን ቀን ጽፋ ፈለገች፤ የጥንቱን ሥዕል ከነማብራሪያው አገኘችው። ወደ አማርኛም እየመለስሁ ለሠራዊቱ ሁሉ አነበብሁት። ፓት የሚባል ሰው አልተፈጠረም። ፓት ማለት ፓተንት ሲያጥር ነው፤ ይህን ነገር መጀመሪያ የፈጠርሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ እንዳይሠራው ተብሎ ከመንግሥት የሚሰጥ መብት ነው። የዚህ መቆለፊያ ፈጣሪም አንድ ሌባ ያስመረረው ባለሱቅ ኖሯል፤ የሠራውም ሌባ መያዣ ነው። ወደ ዕቃ ቤቱ የገባ ሌባ ተደብቆ ቢቆልፈው፣ ባለሱቁ ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ከውስጥም ከውጭም አይከፈትም። እነሆ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እናቴን ያዘ።

ደጃዝማችም ይህን በሰሙ ጊዜ ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ስለዚህ ጋሼ ፓት የለም?» አሉ። ቀኛዝማች ደጀንም አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ትከሻቸውን ይዞ፣ «እግዜር ያጥናህ» አለ። አይ አያሌው! እናቴ ተቆልፋ፣ ወንድሜ ካምፓላ ዓይኑን ተክሎ፣ ይኼ ሰውዬ ለፓት ለቅሶ ይቀመጣል! ይቅር ይበሉኝ፣ አንቱታው ከአፌ ወደቀ።

ያኔ ከበሩ ወዲያ ድምፅ ተሰማ። እናቴ ነበረች፤ ይሉኝታዋ አልቆ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ቢሩኬ፣ በእኔ ምክንያት ቀረብህ፣ ልጄ» እያለች ትንሰቀሰቅ ነበር።

ደጃዝማች ተነሡ። በሩን በትከሻቸው መቱት፤ የጥንት በር ነውና በሩ ሳይሆን ትከሻቸው ተንቋቋ። ሁለተኛ አልመቱትም። ወርደው ከሊዮን እጅ መሰላሉን ነጥቀው፣ ከፊት ለፊት በረንዳው ጣሪያ ላይ አስደግፈው ወጡ፤ በጣሪያው ላይ በአራት እግራቸው ሄደው፣ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ገፍተው፣ በግንባራቸው ገቡ፤ ገንዳው ውስጥም ወደቁ። ሲወድቁ የያዙት የውሃውን መዘውር ስለነበር ተከፍቶ ከራስ እስከ እግር አጠባቸው። እንዲህም ሆኖ ከተከበበችው ጋር የከበባትም አብሮ ተቆለፈ።

እናቴ ግን በመስኮት አልወጣም አለች። ከታች ወንድ ሞልቶ፣ መንገደኛ ተማሪ ቆሞ እያየ፣ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት በጣሪያ ላይ እንዴት ብላ! መሐላው ይቅር እንጂ ይህ አይሆንም አለች። ያን ጊዜ ደጃዝማች ውሃ እያንጠባጠቡ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ በሕይወታቸው ያወጁትን ትልቁን አዋጅ አወጁ፦ «ወንድ የሆንህ ሁሉ፣ ፊትህን አዙር!» ዓባይነህ ዞረ፤ ደጀን ዞረ፤ መንገድ ላይ የቆሙት ተማሪዎች ሔርሞን ብትጮኽባቸው ዞሩ፤ ሊዮን ምን እንደተባለ ሳያውቅ ዞሮ፣ ለማጠንከሪያ ዓይኑንም በባርኔጣው ሸፈነ። እኔ መሰላሉን ያዝሁ።

ደጃዝማችም ቀድመው ወጥተው ወደ ኋላቸው ወረዱ። በየመወጣጫው ላይ የእናቴን እግር አንድ በአንድ በእጃቸው ይዘው ያስቀምጡ ነበር፤ ዓይናቸውን ግን ጨፍነው ነበር። ሙሉውን መሰላል ዓይናቸውን ጨፍነው ወረዱ። ከታች ሆኜ አይቻለሁ፤ አልዋሽም፣ ስንት ጊዜ የተቆጣው ልቤ እዚያ ላይ ራራ። እናቴ መሬት ስትረግጥ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እያየቻቸው «ተባረክ» አለቻቸው።

ወእምዝ በቀኛዝማች ደጀን መኪና ሃይ ስትሪትን ይዘን በረርን። ደጀንም ምክሩን ትቶ መንዳቱን ያዘ። አዳራሹ ስንደርስ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ዳኛዋ ገብታለች፤ ቀኝ እጅ ሊነሣ ነው። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ እናቴን ከላይ እስከ ታች አያት፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ በእግሯ የመታጠቢያ ቤት ሲሊፐር አድርጋለች፣ ኋላዋ ደግሞ የራሰ ሰው ቆሟል። ምንም ሳይጠይቅ ወረቀቷን ተቀብሎ ከኋላው ረድፍ አስገባት። እናቴም እጇን አነሣች፤ ማለች። ከሁሉ ድምፅ በላይ የተሰማው የደጃዝማች ለቅሶ ነበር፤ ጎናቸው የቆሙት ሴትዮ ዜጋ የሆኑት እሳቸው መስሏቸው እንኳን ደስ ያለዎት አሏቸው፤ ደጃዝማችም አመስግነው ተቀበሉ።

ከአዳራሹ እንደወጣን ለቢሩክ ደወልን። ደጃዝማች ስልኩን ቀምተው ዜናውን ነገሩት፤ በነገሩት ዜና ውስጥ መሰላል አለ፣ ጣሪያ አለ፣ ጀግና አለ፤ መቆለፊያውን ማን እንደተከለው ግን የለም። ቢሩክ ሲስቅ ይሰማኛል። ቀጥሎ እናቴ ስልኩን ያዘች። «ቢሩኬ፣ ምያለሁ፤ ሻንጣህን አዘጋጅ» አለችው። ቢሩክም ሳቁን አቁሞ «እስቲ ድገሚልኝ» አላት።

እንግዲህ ከበር ጋር ተዋግቶ በመስኮት ድል ለነሣ፣ ጠላቱን በገዛ እጁ አምጥቶ፣ በገዛ ብሎኑ አስሮ፣ በገዛ ትከሻው ለተሸነፈለት፣ በገንዳ ለተጠመቀ፣ ያልተወለደን ሰው ላለቀሰ፣ የአማቱን እግር በጨፈነ ዓይን ለመራ፣ ለደጃዝማች አያሌው ምስጋና ይገባዋል፤ ከከተማችን ወንዝ ከኦሊንታንጂ እስከ ካምፓላ ስሙ ይጠራ። እናቴን በመስኮት ያወጣት እሱ ነው። የቆለፈባትም እሱ ነው። ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።