የብግነት ቅነሳ ዐቢይ ኮሚቴ

የሰው ልጅ ጤና ለአንድ ሐኪምና ለአንድ በሽተኛ የማይተው ከባድ ኃላፊነት መሆኑን ባሕር ማዶ፣ ሴንት አልባንስ በሚባል ሰፈር ውስጥ ቀድመው የተረዱት ጋሼ መኮንን ናቸው። ሐኪሟ ያበጠ ጉልበታቸውንና የደም ምርመራቸውን አይታ፣ "ሰውነትዎ ውስጥ ብግነት አለ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፣ አትክልት ያብዙ፣ ስኳርና ጮማ ይቀንሱ፣ በጊዜ ይተኙ" አለቻቸው። አብረዋቸው የተመረመሩት ባለቤታቸው እትዬ አየለችም ያው ብግነት ተገኘባቸው፤ ያው ምክር ተሰጣቸው። ጋሼ መኮንን ቅር አላቸው። ያን ያህል ዘመን ያሰቃየ ጉልበት እንዲህ በአጭሩ መሸኘቱ ክብር የሚነካ ነገር ነው።

ነገሩ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ልጃቸው ሀሴት ክረምቱ ሲወጣ ታገባለች። ክንዷን ይዘው ቤተክርስቲያን የሚያስገቧት እሳቸው ናቸው፤ ያውም ያለ ምርኩዝ። ገና ስትታጭ ቃል ገብተውላታል። ማንም በሌለበት ሳሎን ውስጥ ሲለማመዱ ግን ግድግዳ ሳይደገፉ መስኮቱ ጋ አይደርሱም ነበር፤ ይኼ በጣም ያስከፋቸዋል።

ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበር ጋሼ መኮንን፤ ጸሐፊ በሙያው አካውንታንት የሆነው ወንድም ልዑልሰገድ፤ አባላት ደግሞ ከቤተክርስቲያናቸው ምእመናን መካከል ጉልበቱን የሚያመው ሁሉ። የመጀመሪያው ስብሰባ ከአባላቱ አንዱ በሆኑት በአቶ አምኃ ቤት በጸሎት ተከፍቶ ጎመንና ምስር ቀረበ። አቶ አምኃ በገዛ ቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። እንግዳ ጠርቶ ጎመን ማቅረብ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ይህን ጊዜ ልዑልሰገድ እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ በቫይበር የላኩልን ቪዲዮ እርድ ብግነት ይቀንሳል ይል የለ?"

"ይላል። በጥናት የተደገፈ ነው።"

"አልጫ ያለ እርድ ይሠራል?"

"እንዴት ተደርጎ!"

"እንግዲያው የበግ አልጫ መድኃኒት ነው ማለት ነው።"

አቶ አምኃ ቀና አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እርዱ በበቂ መጠን ወደ ሰውነት እንዲገባም መድገም እንደሚበረታታ ተወሰነ። ቅቤው እርዱን ለማድረስ ነው ተባለ። ለስላሳ መጠጥም ዝንጅብል ካለበት ተፈቀደ።

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ንዑሳን ኮሚቴዎች ተወለዱ። በጊዜ የመተኛት ንዑስ ኮሚቴ አጀንዳውን አንድም ቀን ከእኩለ ሌሊት በፊት ጨርሶ አያውቅም። የእግር ጉዞ ንዑስ ኮሚቴ ደግሞ ዳንደኖንግ ይሰበሰብ ስለነበር፣ ጋሼ መኮንን ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ መኪና እየነዱ ስለ መራመድ ጥቅም ሲወያዩ ይውሉ ነበር።

"ዛሬ እንኳ መኪናዋን ብትተውልኝ" አሉ እትዬ አየለች አንድ ቀን ጠዋት። ሰንሻይን ዌስት በሚባለው ሰፈር አረጋውያን የመንከባከብ ሺፍት ነበራቸው።

"የእግር ጉዞው ስብሰባ እኮ ነው፤ እንዴት እቀራለሁ?"

"እኔስ በምን ልሂድ?"

"አየሉዬ፣ ባቡር ጣቢያው ምን ይርቃል? ወክ ብታደርጊ ምን አለበት?"

እትዬ አየለች ጫማቸውን አሰሩና ወጡ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን መጠየቅ ተዉ። ማታ ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነው። ለአንድ ሰው ማን ስለ ሥጋ ወጥ ይጨነቃል ብለው ጎመን በምስር ይበላሉ፤ የሚያጫውታቸው ሰው ስለሌለም በጊዜ ይተኛሉ።

ሠርጉ ሲቃረብ ሁለቱም እንደገና ተመረመሩ። ሐኪሟ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። የሊቀመንበሩ ብግነት ብሷል፤ የእትዬ አየለች ግን ወርዷል።

"ምን አድርገው ነው?" አለቻቸው።

"እኔ ምንም አላደረግሁ" አሉ እትዬ አየለች። "እሱ ስብሰባ ይበዛበት ነበር።"

ጋሼ መኮንን የግድግዳውን ሥዕል ማየት ጀመሩ።

የሠርጉ ቀን ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ጋሼ መኮንን ከመኪናው ወርደው ያለ ምርኩዝ ለመቆም ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሀሴት ጎንበስ ብላ ሳመቻቸውና "ኢትስ ኦኬ፣ አባዬ" አለች። ከዚያ የእናቷን ክንድ ያዘች። አባትየውን ሁለት ወጣቶች ደግፈው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ምርኩዙንም አጠገባቸው አቆሙላቸው። እናትና ልጅ መዝሙሩን ተከትለው ቀስ ብለው ሲገቡ አዩ። እትዬ አየለች ቀጥ ብለው ነው የሚራመዱት። ጋሼ መኮንን እንባቸው መጣ።

ልዑልሰገድ ከኋላ ተጠግቶ ጆሯቸው ሥር አንሾካሾከ።

"ጋሼ፣ የእትዬን ውጤት የኮሚቴው ፍሬ ብለን ሪፖርት ውስጥ ላስገባው?"

ጋሼ መኮንን እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"አስገባው እንጂ" አሉ። "መኪናዋን የወሰድኩባት እኔ አይደለሁ እንዴ?"